«እግዚአብሔር አይወድህም» ማለት ልክ ነው? ፍቅሩ ያልቃል ወይ?

የጧት ጤዛ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሆዴ ውስጥ የሚመላለስ ነገር አለ፤ እዚህ ላውጣው። ልጆችን የእግዚአብሔርን ቃል አስተምራለሁ። ከሰባት እስከ ዘጠኝ ዓመት ያሉ ናቸው። አንዱ ልጅ የጓደኛውን እርሳስ ወስዶ «አልወሰድኩም» አለ፤ ቦርሳው ውስጥ ተገኘ። አብራኝ የምታስተምረው እህት «ውሸታም ልጅን እግዚአብሔር አይወድም» አለችው። ልጁ አላለቀሰም። እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ዝም ብሎ የገዛ እጁን ያይ ጀመር። ልንወጣ ስንል ቀሚሴን ጎተት አደረገና «መልሻለሁ እኮ፤ አሁን ተመልሶ ይወደኛል?» አለኝ።

«መውደዱን መቼ አቆመና» አልኩት። እህታችን ሰምታኝ ኖሮ ለብቻችን ስንሆን «በዚህ አነጋገርሽ ልጆቹን እያበላሸሻቸው ነው» አለችኝ። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ከእኔ ይልቅ ለልጆቹ የምትደክመው እሷ ናት። ለዚህ ነው ነገሩ የከነከነኝ። የእግዚአብሔር ፍቅር በእኛ ሥራ የሚመጣና የሚሄድ ነው? ካልሆነስ ለልጅ እንዴት ነው የሚነገረው?

ቀጥተኛው፦

እህቴ፣ እንዳትቀየሚኝ፤ እኔ ከጓደኛሽ ጋር ነኝ። አባባሏ ለሰባት ዓመት ልጅ ይከብድ ይሆናል፤ ሐሳቧ ግን ከመጽሐፍ አልወጣም። ጌታ ራሱ በዮሐንስ 15፥10 «ትእዛዜን ብትጠብቁ በፍቅሬ ትኖራላችሁ» ብሏል። «ብትጠብቁ» ነው ያለው። ይሁዳም በመልእክቱ ራሳችሁን በእግዚአብሔር ፍቅር ጠብቁ ይላል። የማይወጡበት ቤት ከሆነ ጠብቁ ማለት ምን ያስፈልጋል? ዳዊት ዓመፃ አድራጊዎችን ጠላህ ይላል፤ ሚልክያስ ላይ «ኤሳውን ጠላሁ» ተጽፏል። እነዚህን ገጾች ገንጥለን ልንጥል ነው?

ደግሞ ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ወንድሜ ትዳሩን ያፈረሰው፣ ልጆቹን የበተነው፣ በየማታው ሰክሮ እየገባ «እግዚአብሔር እንደሆነ ይወደኛል» እያለ ነው። ስንመክረው የሚመዘው ይህችኑ ነበር። እሷን ቃል ባልሰማ ኖሮ እያልኩ ስንት ሌሊት አድሬያለሁ። ፍቅሩን ያለ ምንም ገደብ ብትሰብኩት የሚሰማችሁ የተሰበረው ሰው ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ሰባሪውም ይሰማችኋል።

ዳዊት ደጋሚ፦

ወንድሜ ቀጥተኛው፣ ስለ ወንድምህ አዝናለሁ። አቃልዬ አላየውም።

ግን ከሌላ ቦታ ልነሳ። በግዕዙ ዳዊት 135ኛው መዝሙር፣ በሌላው ቁጥር 136ኛው፣ 26 ቁጥሮች አሉት። ሃያ ስድስቱም የሚያልቁት በአንድ ቃል ነው፦ «እስመ ለዓለም ምሕረቱ»፣ ምሕረቱ ለዘላለም ነውና። ስትደግመው አፍህ ይለምደውና ልብህ ይተኛል። አንድ ቀን ግን ልብህ ይነቃል። ያኔ «ለምን ይህን ሁሉ ጊዜ?» ትላለህ።

እዚያ «ምሕረት» ተብሎ የተተረጎመው የዕብራይስጡ ቃል ሔሴድ ነው። በብሉይ ኪዳን ውስጥ ወደ 250 ጊዜ ገደማ ይገኛል፤ አንዳንዴ ምሕረት፣ አንዳንዴ ቸርነት ይባላል። በእኔ ጆሮ ለሔሴድ የሚቀርበው የእኛ ቃል ግን «ቃል አባይ አለመሆን» ነው። ሆድ ሲባባ የሚመጣ፣ ሲቀዘቅዝ የሚሄድ ስሜት አይደለም። የገባውን ኪዳን ያኛው ወገን ቢያፈርስበት እንኳ የማይለቅ ሰው ያለው ጠባይ ነው።

ታዲያ እግዚአብሔር ስለ ራሱ «ባለብዙ ቸርነት» ብሎ የተናገረው መቼ ነው? ዘፀአት 34 ላይ። ከሁለት ምዕራፍ በፊት ያለውን አንብቡ፤ የወርቁ ጥጃ ነው! ሙሴ ጽላቱን ሰብሯል፤ ሕዝቡ ገና ከተራራው ሥር ሲዘፍን የተያዘው በዚያው ሰሞን ነው። ስሙን የነገራቸው ጥሩ ልጆች ሆነው ሲገኙ አይደለም።

ቀጥተኛው፦

ጥሩ አድርገህ አመጣኸው፤ ግን ለምን ግማሹን? እዚያው ዘፀአት 34፥7 ላይ በደለኛውን ከቶ የማያነጻ ይላል፤ የአባቶችን ኃጢአት እስከ ሦስትና አራት ትውልድ እንደሚያመጣም ይናገራል። 136ኛው መዝሙርም ቢሆን ቁጥር 10 ላይ የግብፅን በኩር መታ ይልና «ምሕረቱ ለዘላለም ነውና» ይላል። ቁጥር 15 ፈርዖንንና ሠራዊቱን ባሕር ውስጥ ጣለ፤ «ምሕረቱ ለዘላለም ነውና»። ለማን ነው ምሕረቱ? ለግብፃዊቷ እናት ነው? እኔ እግዚአብሔርን እየከሰስኩ አይደለም። ግን ፍቅሩ ለሁሉም እኩል፣ ሁልጊዜ፣ ምንም ቢሆን ነው የምትሉ ሰዎች ይህን ቁጥር ስትደግሙ ምን ታስባላችሁ?

ዳዊት ደጋሚ፦

እውነት ልንገርህ፣ እዚያ ቁጥር ላይ ስደርስ ድምፄ ዝቅ ይላል። ለባሪያው ነፃ መውጣት ምሕረት ነው፤ ለሚገርፈው ደግሞ ጅራፉን ከእጁ መንጠቅ ነው። ይህን አምናለሁ። ለበኩሩ እናት ግን ሙሉ መልስ የለኝም፤ አለኝ ብል እዋሻለሁ። ሆኖም ስለ ትውልድ ያነሳኸውን እስቲ መልሰህ እየው። ቅጣቱ እስከ ሦስትና አራት፤ ቸርነቱ ግን ለእልፍ ነው የሚለው። ሁለቱን በአንድ ሚዛን አላስቀመጣቸውም።

ልባም፦

ከዳር ሆኜ ስከታተል ነበር። ሁለት ነገር ልበል።

መጀመሪያ ኤሳው። በዕብራውያን አነጋገር «ጠላ» ብዙ ጊዜ «አስበለጠበት፣ ሌላውን መረጠ» ማለት ነው። ዘፍጥረት 29ን ተመልከቱ። ቁጥር 30 ያዕቆብ ራሔልን ከልያ ይልቅ ወደደ ይላል፤ ቀጥሎ ቁጥር 31 ላይ ልያ የተጠላች ተብላለች። ጌታም አባትና እናቱን የማይጠላ ደቀ መዝሙሬ ሊሆን አይችልም ሲል እናታችሁን ጥሉ እያለ አይደለም፤ ማቴዎስ ያንኑ ነገር «ከእኔ ይልቅ የሚወድ» ብሎ ጽፎታል። ሚልክያስ የሚናገረው ስለ ሁለት ሕዝብ መመረጥ ነው። ያው የኤሳው ዘር ኤዶም በኦሪት ዘዳግም 23 ላይ ወንድምህ ነውና አትጸየፈው ተብሎለታል። የመዝሙረ ዳዊቱ ዓመፃ አድራጊዎች ግን በዚህ አይፈቱም፤ እዚያ ላይ ቀጥተኛው ትክክል ነው። እግዚአብሔር የሚጸየፈው ክፋት አለ፤ ክፋቱም ከሰውየው ተለይቶ አየር ላይ የሚንሳፈፍ ነገር አይደለም።

ሁለተኛው፣ ለእኔ ዋናው እሱ ነው፣ ማርቆስ 10 ላይ ያለው ሀብታም ሰው። ማቴዎስም ሉቃስም ታሪኩን ጽፈውታል፤ አንዲት ነገር ግን ያለችው ማርቆስ ላይ ብቻ ነው። «ኢየሱስም ወደ እርሱ ተመልክቶ ወደደው»። ከዚያ ያለህን ሽጥ አለው፤ ሰውየው ፊቱ ጠቆረ፣ እያዘነ ሄደ። ቀስ ብላችሁ አንብቡት። የወደደው እሺ ከማለቱ በፊት ነው። እንቢ እንደሚልም አላጣውም። ደግሞ እንዳይሄድበት ብሎ ዋጋውን አልቀነሰለትም፤ ግማሹን ሽጥ አላለውም። የተወደደ ሰው፣ እየተወደደ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ሄደ።

ቀጥተኛው፣ ወንድምህ የሳተው የመጀመሪያውን ቃል ይመስልሃል፤ ለእኔ የሳተው ሁለተኛውን ነው። ይወደኛል ማለቱ ልክ ነው። ስለዚህ ደህና ነኝ ማለቱ ነው ስህተቱ። መወደድና ከሚወድህ ጋር መኖር ሁለት ነገር ነው። «በፍቅሬ ኑሩ» የሚለውም እንዲህ ነው የሚገባኝ፤ ፀሐይ ወጥታ ሳለ ሰው በሩን ዘግቶ ጨለማ ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል።

ምሰሶ፦

ስለ ፀሐይዋ አንድ ልጨምር። በ7ኛው ክፍለ ዘመን የነነዌ ጳጳስ የነበረው ማር ይስሐቅ ከዚህ አልፎ ይሄዳል። በገሃነም ያሉት የሚገረፉት በፍቅር ጅራፍ ነው ይላል፤ ኃጢአተኞች እዚያ የእግዚአብሔርን ፍቅር ያጣሉ ብሎ ማሰብ ስህተት ነው ይላል። የሚያቃጥላቸው እንዲህ የወደዳቸውን መበደላቸው ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ «ፍቅሩ አያልቅም» የሚለው ቃል ለእኔ ማባበያ መሆኑ ቀረ። ያስፈራል እኮ! ፍቅሩ ቢያልቅ ይቀል ነበር።

በነገራችን ላይ፣ የዳነ ሰው ከጸጋ ሊወድቅ ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ክርክር በ1618 እና 1619 ሆላንድ ውስጥ በተደረገው የዶርድሬክት ሲኖዶስ ሁለት የፕሮቴስታንት ወገኖችን፣ ሊወድቅ ይችላል ወደሚለው ያዘነበሉትን የአርሚንዮስን ተከታዮችና አይችልም የሚለውን የካልቪንን መስመር፣ ለሁለት የከፈለ ነው። ዛሬ ማታ እኛ አንጨርሰውም። ግን ሁለቱም ወገኖች እግዚአብሔር ቃሉን ያጥፋል አላሉም።

የሌሊት ዘብ፦

እናንተ ስለ ኃጢአት ነው የምታወሩት። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ምናልባት ቦታው አይደለም፤ ይቅርታ።

ልጄን ሳስታምም ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። ሌሊት ሌሊት የምጠብቀው እኔ ነኝ። መተንፈሻው ሲያፏጭ እነሳለሁ፣ ትራሱን ከፍ አደርጋለሁ፣ እቀመጣለሁ። ሰዎች መጥተው «እግዚአብሔር ይወድሃል» ይሉኛል። እንደሚወደኝ አላጣሁትም። የጠፋኝ ድምፁ ነው። ፍቅሩ ለዘላለም ነው ስትሉኝ ማወቅ የምፈልገው የዛሬ ሌሊት በዚያ ዘላለም ውስጥ አለ ወይ የሚለውን ነው።

ዳዊት ደጋሚ፦

ቦታው ነው ወንድሜ። ከሁላችንም በላይ ቦታው ነው።

88ኛውን መዝሙር ታውቀዋለህ? በግዕዙ 87ኛው ነው። እንደ ሌሎቹ ዞሮ በምስጋና አያልቅም። ወዳጆቼን አራቅህብኝ ብሎ፣ ጨለማው ውስጥ እንዳለ ያበቃል። መሃል ላይ ያንኑ ሔሴድ ያነሳል፤ ግን በጥያቄ ነው፦ ቸርነትህ በመቃብር ውስጥ ይነገራል ወይ? ይላል። ይህን ጸሎት ከቅዱስ መጽሐፍ ማንም አላወጣውም። አንተ ሌሊት የምትለውን የሚል ሰው እዚያ ውስጥ አለ፤ እሱም «የመድኃኒቴ አምላክ» እያለ ነው የሚጠራው።

ሌላ ደግሞ ርኅራኄው አያልቅም፣ ማለዳ ማለዳ አዲስ ነው የሚለው ቃል የተጻፈው ሰቆቃወ ኤርምያስ ውስጥ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ገደማ ኢየሩሳሌም ተቃጥላ፣ ሕፃናት በየአደባባዩ በረሃብ ሲወድቁ የተጻፈ ነው። ከዚያ ቃል በኋላም ለቅሶው አልቆመም፤ ሁለት ምዕራፍ ተኩል ይቀጥላል። ስለዚህ ድምፁ ጠፋኝ ማለትህ ከእምነት መውጣት አይደለም። እኔ ላንተ የምለው ሌላ ነገር የለኝም። የልጅህን የክርስትና ስም ብቻ በግል ጻፍልኝ፤ ዛሬ ሌሊት ስነሳ እጠራዋለሁ።

የሌሊት ዘብ፦

እጽፍልሃለሁ። እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

ቀጥተኛው፦

ትንሽ ዝም ብዬ ነበር። የዘብን ጽሑፍ ካነበብኩ በኋላ ቶሎ መመለስ አልቻልኩም።

ስለ ማርቆስ 10 የተባለው ይዞኛል። ያንን ታሪክ ስንቴ ሰብኬዋለሁ፤ «ወደደው» የምትለዋ ላይ ቆሜ አላውቅም። እሺ፣ ለልጁ «አይወድህም» መባሉ ልክ አልነበረም፤ እቀበላለሁ። ሮሜ 5፥8ም ገና ኃጢአተኞች ሳለን ነው የሚለው፤ ይህን ካድኩ የራሴንም መዳን ካድኩ። ግን አንድ ነገር አልለቅም። «ይወድሃል» ብላችሁ ዝም አትበሉ። ጌታ ወዶት «አንድ ነገር ጎደለህ» ብሎታል። ወንድሜን ስንት ሰው «ይወድሃል» አለው፤ «ጎደለህ» ያለው እኔ ብቻ ነበርኩ። አሁን ሳስበው ደግሞ እኔ የመጀመሪያዋን አንድም ቀን አላልኩትም። ይህን ስጽፍ እጄ ከብዶኛል።

ልባም፦

ወንድሜ፣ ወንድምህ በሕይወት አለ?

ቀጥተኛው፦

አለ። የምንነጋገረው በሰው በኩል ነው።

የጧት ጤዛ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ አንዳንዱን ሁለት ሦስቴ አነበብኩት።

ትናንት ከእህታችን ጋር ቁጭ ብለን ማርቆስ 10ን አብረን አነበብን። ልከራከራት አልፈለግኩም፤ ምዕራፉን ብቻ ከፈትኩላት። «ወደደው» ላይ ስትደርስ ቆመች። ከዚያ ልጅ ሆና አባቷ ባጠፋች ቁጥር «እግዚአብሔር ፊቱን አዞረብሽ» ይላት እንደነበር ነገረችኝ። ሠላሳ ዓመት አልፎም እንኳ ስትሳሳት መጀመሪያ የሚሰማት እሱ ነው፤ የዞረ ጀርባ።

ተሳስቻለሁ አላለችም፤ እኔም አልጠየቅኳት። «የሚቀጥለውን ትምህርት እኔ ልያዘው» አለችኝና መጽሐፉን ይዛ ወጣች። ልጁ ከፊት ወንበር እንዲቀመጥ ልታደርገው ነው መሰለኝ፤ ስሙን ወረቀት ላይ ስትጽፍ አይቻታለሁ።