«አጭበርባሪ» ተብሎ ተጻፈብኝ፤ «እከስሃለሁ» ብዬ ላስፈራራው?

ብዕረኛው (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም። ምክራችሁን ፈልጌ ነው።

ለጀማሪዎች የሚሆኑ የስታቲስቲክስ ማስተማሪያዎችን እያዘጋጀሁ በነፃ አወጣለሁ። ሰሞኑን አንድ የማላውቀው ሰው ስለ እኔ ረጅም ጽሑፍ ለጠፈ። ሦስት ነገር ይላል። መልመጃዎቹን ከአንድ የታወቀ መማሪያ መጽሐፍ ገልብጧል ይላል። ከተማሪዎች የመጡ ብዬ ያወጣኋቸውን አስተያየቶች ራሱ ነው የጻፋቸው ይላል። በመጨረሻም «ይሄ ሰው አይታመንም፤ አጭበርባሪ ነው» ብሎ ይደመድማል።

መልመጃዎቹን የሠራሁባቸው ረቂቆች ከነቀናቸው አሉኝ። አስተያየቶቹ የመጡባቸው ኢሜይሎችም አሉ። ጽሑፉ ግን ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ነው። አብረውኝ ሊሠሩ የነበሩ ሰዎች መልስ መስጠት አቁመዋል። እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ጓደኞቼ «በ24 ሰዓት ውስጥ ካላነሳህ ፍርድ ቤት እንገናኛለን በለው፣ ይደነግጣል» ይሉኛል። እውነቱን ለመናገር ለመክሰስ አቅሙም ፍላጎቱም የለኝም። ግን ማስፈራሪያው ብቻውን ከሠራ ምን ችግር አለው? ወይስ ነውር ነው?

ቁጥር ወዳድ

አይዞህ ወንድሜ። ከመልሱ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ። ተገለበጡ የተባሉት የትኞቹ መልመጃዎች ናቸው? ለይቶ ጠቅሷል?

ብዕረኛው

አዎ፣ የተወሰኑትን ጠቅሷል። ሁሉም በአይሪስ አበባ መረጃ የተሠሩ ናቸው። የአበባውን ቅጠሎች ርዝመትና ስፋት የሚያወዳድሩ።

ቁጥር ወዳድ

እንግዲያው ነገሩ ገባኝ። ይህን መረጃ የስታቲስቲክስ ሊቁ ሮናልድ ፊሸር በ1936 (እንደ ፈረንጆቹ) ባሳተመው ጽሑፍ ያወጣው ነው። 3 የአይሪስ ዝርያ፣ ከእያንዳንዱ 50፣ በድምሩ 150 አበባ። ስታቲስቲክስ የሚያስተምር ሰው ሁሉ ይጠቀምበታል ማለት ይቻላል። ቁጥሮቹ አንድ ስለሆኑ አማካዩም ግራፉም አንድ ዓይነት ነው የሚወጣው። ይህን የማያውቅ ሰው ያንተንና መጽሐፉን ጎን ለጎን ቢያይ «ተገልብጧል» ማለቱ አይደንቅም። ስለዚህ ሰውየው ሆን ብሎ ላይዋሽ ይችላል፤ ተሳስቶ ይሆናል።

ይህን በአንድ አንቀጽ ማስረዳት ትችላለህ። «በ24 ሰዓት አንሳ» ካልከው ግን ማስረጃህን የሚያይልህ የለም። ሰው የሚያወራው ስለ ማስፈራራትህ ይሆናል።

ደግሞ ለማጥፋት የተሯሯጡለት ነገር ይበልጥ ይታያል። በ2003 ዘፋኟ ባርብራ ስትራይሳንድ የቤቷ ፎቶ ድረ ገጽ ላይ ወጣብኝ ብላ 50 ሚሊዮን ዶላር ጠይቃ ከሰሰች። ከክሱ በፊት ፎቶውን ያወረዱት 6 ጊዜ ብቻ ነበር፤ ከነሱም 2ቱ የራሷ ጠበቆች ናቸው። ክሱ ከተሰማ በኋላ ግን በአንድ ወር ከ400 ሺህ በላይ ሰው ገጹን ጎበኘው። ክሱም ውድቅ ሆነ፤ የተከሳሹን የጠበቃ ወጪ እንድትከፍል ተወሰነባት።

ነገረ ፈጅ

በሕግ ሙያ ነው የምተዳደረው። ሕጉ ከአገር አገር ስለሚለያይ የምለው በጥቅሉ ነው፤ ለመክሰስ ካሰብክ ያለህበትን አገር ጠበቃ አማክር።

የተባሉብህን ሦስት ነገሮች ለያይተህ እያቸው። «ገልብጧል» እና «አስተያየቶቹን ራሱ ጻፋቸው» የሚሉት እውነት ወይም ሐሰት መሆናቸው ሊጣራ ይችላል። የስም ማጥፋት ክስ የሚቆመው በእንዲህ ዓይነት አባባል ላይ ነው። «አይታመንም» ግን የሰውየው ድምዳሜ ነው። መነሻውን ለአንባቢ ካሳየና መነሻው እውነት ከሆነ፣ ድምዳሜው ቢያናድድም በብዙ አገር ሕግ ከለላ ያገኛል። «በእኔ አስተያየት» የምትል ቃል ከፊት አስቀድሞ ሐሰት መንዛት ግን ከተጠያቂነት አያድንም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1990 በሚልኮቪች ጉዳይ ይህንኑ ነው ያለው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄህ። ለመክሰስ ሐሳቡ የለኝም ብለሃል። እንግዲያው «እከስሃለሁ» ብትል መዋሸትህ ነው። ስምህ የተነሳው ደግሞ አይታመንም ተብሎ ነው። ነውሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሕግ መጥቀስ በራሱ ነውር አይደለም። አንድ ሰው ከምሩ ሊከስ አስቦ አስቀድሞ ቢያስጠነቅቅ፣ ሌላውን ሳያስበው ፍርድ ቤት ከመጎተት ይሻላል። እንግሊዝ ውስጥ እንዲያውም ከክስ በፊት ደብዳቤ መጻፍ የሚጠበቅ ሥርዓት ነው። ደብዳቤው ግን የትኛው ቃል ሐሰት እንደሆነ፣ ለምን ሐሰት እንደሆነና ምን እንዲደረግ እንደሚፈለግ መናገር አለበት።

ሁለት ነገር በፍጹም እንዳታደርግ። «ይህን ያህል ካልከፈልክ በወንጀል አስጠይቅሃለሁ» አትበል፤ በብዙ አገር ይህ ራሱ ወንጀል ሊሆን ይችላል። ጠበቃ ሳትይዝም «ጠበቃዬ እንዳለው» እያልክ አትጻፍ።

ስለ ጊዜም ልንገርህ፣ ብዙ ሰው የሚዘናጋው በዚህ ነውና። የስም ማጥፋት ክስ ይርጋው፣ ማለትም ክስ ማቅረብ የሚቻልበት የጊዜ ገደብ፣ አጭር ነው። እንግሊዝ፣ ካሊፎርኒያና ኒው ዮርክ 1 ዓመት ነው። ለመክሰስ ባታስብም ገጹን ዛሬውኑ ከነሊንኩና ከነቀኑ አስቀምጥ። ስክሪንሾት ብቻ አይበቃም፤ ገጹን በሙሉ አውርደው። የድሮ ረቂቆችህን ደግሞ እየከፈትክ ሴቭ አታድርጋቸው፤ ፋይሉ የተሻሻለበት ቀን ይቀየርብሃል። ኮፒ አድርግና በኮፒው ሥራ።

ቀለም

እኔ ከእናንተ ትንሽ እለያለሁ። «በትህትና ጠይቀው» ማለት ለተመልካች ይቀላል። በእኔ ላይ «ገንዘብ ተቀብላ ሥራውን ሳታስረክብ ጠፋች» ተብሎ ተጽፎብኝ ነበር። ደንበኛው ሥራውን የተረከበበትን ሰነድ ልኬ እንዲታረም ጠየቅኩ። መልስ የለም። ደግሜ ስጽፍ ደብዳቤዬን ለጥፎ ተሳለቀብኝ፤ ተከታዮቹም አብረው ሳቁ። በመጨረሻ ጠበቃ ያዝኩ። አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፈችለት፣ ብዙም ሳይቆይ ጽሑፉ ተነሳ።

ታዲያ እኔ አስፈራሪ ነኝ? ለመክሰስ ቆርጬ ነበር፤ ሰነዱም ተዘጋጅቶ ነበር። እሱ ብዙ ተከታይ አለው፣ እኔ ማንም የለኝም። ሕግ ባይኖር ኖሮ ምንም አልነበረኝም። ስለዚህ «ሕግ ካነሳ የሚደብቀው ነገር አለ» የሚለውን ወሬ አትቀበሉ። ብዕረኛው፣ በትህትና ጀምር፤ ግን ዝም ብለህ እንዳትቀር። ዝም ያለ እንዳመነ ነው የሚቆጠረው።

አርታኢዋ

ቀለም፣ ያንቺ መንገድ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። መጀመሪያ ማስረጃ አቀረብሽ፣ ለማረም ዕድል ሰጠሽ፣ እምቢ ሲል ከምርሽ ሄድሽ። እኔን የሚያሳስበኝ ቅደም ተከተሉን የሚገለብጡት ናቸው።

የምሠራው የሌሎችን ጥናት የሚመረምሩ ጽሑፎችን ማረም ነው። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይደርሰናል። አብዛኞቹ ላይ የሚጎድለው አንድ ነገር ነው፤ የትኛው ዓረፍተ ነገር እንደተሳሳተ አይናገሩም። «ስሜን አጥፍታችኋልና አንሱ» ብቻ። እኔ ስህተት ካለ ዛሬውኑ ማረም እፈልጋለሁ፤ ግን ምኑን ላርመው? ጸሐፊዎቹ ደግሞ ይፈራሉ። ቢረቱ እንኳ እስከዚያው የጠበቃ ወጪው እንደሚጨርሳቸው ያውቃሉ። እውነተኛ ግኝት ይዘው ዝም ያሉ ሰዎች አውቃለሁ። ይህ በጣም ያመኛል።

ሳይመን ሲንግ የተባለው የሳይንስ ጸሐፊ በ2008 የብሪታንያ የካይሮፕራክቲክ (አከርካሪን በእጅ እየተጫኑ የማከም ሙያ) ማኅበር ለልጆች ሕመም የማይረባ ሕክምና ያስተዋውቃል ብሎ ጻፈ። ማኅበሩ ማስረጃውን አቅርቦ በጽሑፍ መከራከር ይችል ነበር፤ እሱን መክሰስ መረጠ። ሲንግ እፎይ ያለው በ2010፣ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ጽሑፉ አስተያየት ነው ካለና ማኅበሩ ክሱን ከተወ በኋላ ነው። እንግሊዝ በ2013 ሕጓን ስታሻሽል፣ ከሳሽ በስሙ ላይ ከባድ ጉዳት መድረሱን ወይም ሊደርስ መቻሉን እንዲያሳይ ግዴታ አደረገች።

ከዚህ ቅርብ ጊዜም ምሳሌ አለ። በ2023 ዳታ ኮላዳ የተባለውን ብሎግ የሚያዘጋጁ ሦስት ተመራማሪዎች አንዲት የሃርቫርድ ፕሮፌሰር በጻፈቻቸው ጥናቶች ውስጥ መረጃ ተነካክቷል ብለው አወጡ። ፕሮፌሰሯ ይህን አስተባብላ ዩኒቨርሲቲውንና ሦስቱን ሰዎች 25 ሚሊዮን ዶላር ጠይቃ ከሰሰች። ለመከላከያቸው ከ300 ሺህ ዶላር በላይ በመዋጮ ተሰበሰበ። በ2024 በተመራማሪዎቹ ላይ የቀረበው የስም ማጥፋት ክስ ውድቅ ሆነ። ተመራማሪዎቹ የተነሱበትን ማስረጃ ለአንባቢ ዘርግተው አሳይተው ስለነበር ይህ በጣም ጠቅሟቸዋል።

ብዕረኛው፣ ስለ አንተ የጻፈው ሰው ግን ከመለጠፉ በፊት አንተን አልጠየቀም። ይህን ቀላል ጥፋት አድርጌ አላየውም። ሰውን ሌባ ከማለት በፊት «ይህን አየሁ፣ ምን ትላለህ?» ማለት ግዴታ ነው። ይህንንም ልትነግረው መብትህ ነው።

ብዕረኛው

እግዜር ይስጥልኝ። ይህን ረቂቅ ጻፍኩ፤ እዩልኝ።

«ጤና ይስጥልኝ። ስለ እኔ በጻፉት ውስጥ ሁለት ነገሮች ትክክል አይደሉም። የጠቀሷቸው መልመጃዎች የሚመሳሰሉት ሁለታችንም፣ እኔም መጽሐፉም፣ ፊሸር በ1936 ያወጣውን የአይሪስ መረጃ ስለተጠቀምን ነው። ጥያቄዎቹን ራሴ እንዳዘጋጀኋቸው የሚያሳዩ ረቂቆች አያይዣለሁ። አስተያየቶቹም ከተማሪዎች በኢሜይል የመጡ ናቸው፤ ኢሜይሎቹን አያይዣለሁ። ከመጻፍዎ በፊት ቢጠይቁኝ ኖሮ ይህን ሁሉ አሳይዎት ነበር። ክብሬን ገፈውታል፤ ወዲያውኑ እንዲያርሙ እጠይቃለሁ። አለበለዚያ በሕግ እጠይቅዎታለሁ።»

ነገረ ፈጅ

ጥሩ ነው። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር አውጣው፤ የምርህን አይደለምና። የምርህ በሆነ ቀን ትጽፈዋለህ። «ወዲያውኑ» ከምትል ቁርጥ ያለ ቀን ስጠው፤ አንድ ሳምንት ይበቃል። እንዲነሳ ሳይሆን እንዲታረም መጠየቅህ ጥሩ ነው። እርማት ሲወጣ ጽሑፉን ያነበበው ሰው እውነቱን ያያል፤ ዝም ብሎ ከጠፋ ግን ወሬው ብቻ ይቀራል።

አርታኢዋ

«ክብሬን ገፈውታል» የሚለውንም አውጣው። ስሜትህን ትክክል አይደለም ማለቴ አይደለም፤ ግን እሱ መልስ የሚሰጠው ለዚያች ቃል ብቻ ይሆናል። ኢሜይሎቹን ከመላክህ በፊት ደግሞ ተማሪዎቹን አስፈቅድ። ስማቸውንና አድራሻቸውን ሸፍን። በአንተ ጉዳይ እነሱ መጋለጥ የለባቸውም።

ብዕረኛው

ተመልሻለሁ። ባላችሁት አስተካክዬ ላክሁ፤ መልስ መጣ።

የአይሪሱን ነገር ተቀብሏል። ከጽሑፉ አናት ላይ «መልመጃዎቹ ተገልብጠዋል ያልኩት ስህተት ነው» የሚል እርማት አውጥቷል፤ ምክንያቱንም ጽፏል። ስለ አስተያየቶቹ ግን «ስም የተሸፈነ ኢሜይል ማንም ሊሠራው ይችላል» ብሎ አላነሳም። ከተማሪዎቼ አንዷ በራሷ ስም ልትጽፍለት ፈቃደኛ ሆናለች። «አይታመንም» የሚለውም እንዳለ ነው። አሁንስ ምን ላድርግ?

ቀለም

ልጅቷ ትጻፍለት። ግን እዚያው ከጽሑፉ ሥር አይሁን፤ ለእሱ በግል ትላክለት። አደባባይ ላይ የሚሰደቡት ስድብ ለእሷም እንዳይተርፍ። ከዚያ በኋላም እምቢ ካለ ጠበቃ ማማከር አያሳፍርህም።

ነገረ ፈጅ

በቀለም ሐሳብ እስማማለሁ። እርማቱ የወጣበትን ገጽም እንደ መጀመሪያው አውርደህ አስቀምጥ። አብረውህ ሊሠሩ ለነበሩት ሰዎች የእርማቱን ሊንክና ረቂቆችህን በአጭር ደብዳቤ ላክላቸው፤ ስለ ሰውየው አንድም ክፉ ቃል ሳትጨምር። «አይታመንም» የሚለውን ለጊዜው ተወው። ስለ አስተያየቶቹ ያለው ካልታረመ ደግሞ ጽሑፉ መጀመሪያ ከወጣበት ቀን ጀምረህ ይርጋውን ቁጠር። ጠበቃ የምታማክር ከሆነ ከግማሹ ጊዜ በፊት ሂድ።