ከሊኑክስ ሚንት ወደ ዊንዶውሱ ፕሪንተር ማተም አቃተኝ፣ የምታውቁ እርዱኝ

የፒያሳዋ ኮፒ ቤት፦
ሰላም ጀማው። ደሴ ፒያሳ ትንሽ ኮፒ ቤት አለችኝ። ሁለት ኮምፒውተር ነው ያለው። አንዱ ዊንዶውስ 10 ነው፣ ኤችፒ ሌዘርጄት 1020 በዩኤስቢ ተሰክቶበታል። ሁለተኛው ላይ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ሲስተም አስጫንኩ፤ የደንበኛ ፍላሽ በተሰካ ቁጥር ቫይረስ እየገባ ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት ያደርገዋል፣ ከዚያ «ፋይሌን አጠፋሽብኝ» ይመጣል። አሁን ፍላሽ የሚከፈተው ሚንቱ ላይ ብቻ ነው። በዚህ በኩል ተገላገልኩ።

ማተሙ ነው ያስቸገረኝ። ሁለቱም አንድ ራውተር ላይ ናቸው። ዊንዶውሱ ላይ ፕሪንተሩን ሼር አድርጌዋለሁ፣ ከሚንቱ ስፈልገውም ስሙ ይመጣል። ቴስት ፔጅ ስሰድለት ግን ወረፋው ላይ ቁጭ ይልና «ሄልድ ፎር ኦተንቲኬሽን» (ማንነት እስኪረጋገጥ ተይዟል) ይላል። ፓስወርድ ሲጠይቀኝ ዊንዶውሱን የምከፍትበትን ፒን እሰጠዋለሁ፣ መልሶ ይጠይቀኛል። ሌላ ፓስወርድ ደግሞ የለኝም። አሁን ፋይሉን በራሴ ፍላሽ ወደ ዊንዶውሱ እያመላለስኩ ነው የማትመው፣ ታዲያ ሊኑክሱ ምን ጠቀመኝ?

ቦርከና ማዶ፦
አብሽሪ እህታለም፣ ሊኑክሱ ምንም አልሆነም። «ማን ነሽ» እያለ የሚጠይቅሽ ዊንዶውሱ ነው። ፒን የሚሠራው እዚያው ኮምፒውተሩ ፊት ለተቀመጠ ሰው ብቻ ነው፣ በኔትወርክ ለሚመጣ አይሆንም። ፓስወርድ የሌለው አካውንትም ቢሆን ዊንዶውስ በኔትወርክ አያስገባውም።

ስለዚህ ዊንዶውሱ ላይ ለማተሚያ ብቻ የሚሆን ሎካል አካውንት ክፈቺ። አድሚን አታድርጊው። ፓስወርድ ስጪው። የፕሪንተሩን ሼር ስምም አሳጥሪው፣ በመሃሉ ክፍት ቦታ ካለው ሌላ ጣጣ ነው። ከዚያ ሚንቱ ላይ ያለውን ፕሪንተር አጥፍተሽ እንደ አዲስ ጨምሪ፦ «ዊንዶውስ ፕሪንተር ቪያ ሳምባ» የሚለውን መርጠሽ (ሳምባ ሊኑክስን ከዊንዶውስ ሼር ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም ነው)፣ በኮምፒውተሩ ስም ፈንታ የአይፒ አድሬሱን (በኔትወርኩ ላይ ያለውን ቁጥር) ጻፊ። እዚያው ታች «ሲያስፈልግ ጠይቀኝ» እና «አሁኑኑ ላስገባ» የሚሉ ሁለት ምርጫዎች አሉ። ሁለተኛውን ያዢና የአዲሱን አካውንት ስምና ፓስወርድ አስገቢ። ፓስወርዱ እዚያ ሚንቱ ላይ ስለሚቀመጥ ነው የራስሽን አካውንት አትስጪ የምልሽ።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ። ኢንተርኔት ላይ «ኤስኤምቢ 1ን ክፈቱት» የሚል የቆየ ምክር ሞልቷል፤ ዊንዶውስ ፋይልና ፕሪንተር በኔትወርክ ሼር የሚያደርግበት አሮጌው መንገድ ነው። እንዳትነኪው። በ2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ዓለምን ያዳረሰው በዚያው ቀዳዳ ነው፣ አሁን ያለው ሳምባ ደግሞ ያለሱ ይሠራል። ከፍላሽ ቫይረስ ሸሽተሽ በዚህ በኩል በር አትክፈቺ።

ሐይቅ ዳር፦
ትክክል ነው፣ ግን ትክክለኛውን ድራይቨር (ፕሪንተሩን የሚያናግረውን ፕሮግራም) ካልመረጠች አሁንም ወረቀት አይወጣም። 1020 ርካሽ የሆነው ገጹን የሚያዘጋጅለት ኮምፒውተሩ ስለሆነ ነው፣ ፖስትስክሪፕትም ፒሲኤልም የሚባሉትን የፕሪንተር ቋንቋዎች አያውቅም። «ጀነሪክ» የሚለውን ከመረጥሽ መብራቱ ብልጭ ብሎ ዝም ነው የሚለው። ዝርዝሩ ላይ 1020 ብለሽ ፈልጊና «ፉ ቱ ዜድጄኤስ» የሚለውን ያዢ። ከሌለ ከሶፍትዌር ማኔጀር ይጫናል።

የኮምቦልቻ ሰው፦
እኔ ብሆን ገልብጬ ነው የምሠራው። ፕሪንተሩን ሚንቱ ላይ ሰክቶ በካፕስ (የሊኑክስ የማተሚያ ሲስተም) ሼር ማድረግ፤ ዊንዶውሱ በአይፒፒ (በኔትወርክ ማተሚያ ፕሮቶኮል)፣ በፖርት 631 ይመጣበታል። የዊንዶውስ አካውንት ጣጣ የለ፣ ምን የለ። እዚህ አንድ ቢሮ እንዲህ አድርጌላቸው እየሠራ ነው።

ቦርከና ማዶ፦
ለሌላ ፕሪንተር እሺ። 1020 ግን በተከፈተ ቁጥር ፈርምዌር (የፕሪንተሩን የውስጥ ፕሮግራም) የሚጭንለት ኮምፒውተር ይፈልጋል፣ በራሱ አይዝም። አሁን ያንን ዊንዶውሱ ይሠራለታል። ወደ ሚንቱ ካዞረችው በኤችፒሊፕ (የኤችፒ የሊኑክስ ድራይቨር) ከሄደች ፕለጊኑን (ተጨማሪ ፋይሉን) ከኢንተርኔት ማውረድ አለባት፣ ኤችፒሊፑ አፕዴት በሆነ ቁጥር ደግሞ ፕለጊኑም አብሮ መቀየር አለበት። ደንበኛ ቆሞ «ቆይ ዳውንሎድ ላድርግ» ልትል ነው?

የፒያሳዋ ኮፒ ቤት፦
ወጣ! ወላሂ ወጣ፣ አላህ ይስጥልኝ። አካውንቱን ከፍቼ አይፒውን ሳስገባ ወዲያው ተቀበለ። ሐይቅ ዳር እንዳለው መጀመሪያ ድራይቨሩ ጀነሪክ ሆኖ ነበር፣ ስቀይረው ወረቀቱን ሳብ አደረገ። ነገር ግን ከሰዓት መብራት ጠፍቶ ሲመለስ እንደገና እምቢ አለ። ፓስወርድ እንኳ አይጠይቅም፣ ዝም ብሎ «ስቶፕድ» ይላል።

ሐይቅ ዳር፦
ራውተሩ ሲነሳ ለዊንዶውሱ ሌላ አይፒ ሰጥቶት ይሆናል፣ ሚንቱ የድሮውን አድሬስ ነው የሚያንኳኳው። ራውተሩ ገጽ ላይ «አድሬስ ሪዘርቬሽን» የሚል አለ፣ እዚያ የዊንዶውሱን ማክ አድሬስ (የኔትወርክ ካርዱን መለያ) ከአንድ አይፒ ጋር እሰሪው፣ መብራት ቢጠፋም አይቀየርም። ከዚያ ሚንቱ ላይ የፕሪንተሩን ፕሮፐርቲስ ከፍተሽ «ፖሊሲስ» ውስጥ ግቢ። «ኢነብልድ» ላይ ምልክቱን መልሺ፣ «ኤረር ፖሊሲ»ውን ደግሞ ከ«ስቶፕ ፕሪንተር» ወደ «ሪትራይ ጆብ» ቀይሪው። ዊንዶውሱ እስኪነሳ ወረፋው ይጠብቅሻል። ጠዋት ስትከፍቺም መጀመሪያ ዊንዶውሱን አስነሺ።