«አንድ ሕፃን ነው» ላልከው

የሄሌና ጠበቃ፦
ትናንት እዚህ የተጻፈ አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኝ አደረ። ስለ ሃውስ ኦፍ ዘ ድራጎን ተከታታይ ፊልም ሲዝን 3 እያወራን ሳለ «ደራሲው ማርቲን በፊልሙ በቀረው በሜሎር ምክንያት ምን ያስለቅሰዋል? አንድ ሕፃን ነው የተቀነሰው» ተባለ። እንዴት አንድ ሕፃን ነው ይባላል? በመጽሐፉ ኤጎን እና እህቱ ሬኒራ ለዙፋን ይዋጋሉ፤ የኤጎን ሚስት ሄሌና ሦስት ልጆች አሏት። ጄሄሪስ፣ ጄሄራ እና ሜሎር። የሬኒራ ወገን የላካቸው ገዳዮች ማታ ገብተው ከሁለቱ ወንዶች አንዱን ምረጪ ይሏታል። ትንሹን ትመርጣለች። ሁለት ዓመቱ ነው። እነሱ ግን ትልቁን ይገድሉታል። ከዚያ በኋላ የተረፈላትን ልጅ ዓይን ማየት ያቅታታል። ሴትዮዋን የሰበራት ይኼ ነው። በፊልሙ ሜሎር ስለሌለ ምርጫም የለም። ወንዱ የትኛው እንደሆነ አሳየቻቸው፣ ገደሉት፣ አለቀ። ታዲያ አሁን ምን ሊያደርጓት ነው?

ጥቁር ክንፍ፦
ያልኩት እኔ ነኝ። አሁንም እላለሁ። አንድ ሕፃን ነው። የሁለት ዓመት ልጅ ይዞ ፊልም መሥራት ቀላል መሰላችሁ? ቀረጻ ያጓትታል፣ ወጪ ያበዛል። የፊልሙ አዘጋጅ ራያን ኮንዳል ለማርቲን የነገረው ምክንያትም ይኼው ነው። ማርቲን ራሱ በሴፕቴምበር 2024 ጽፎታል። ከዚያ ደግሞ ጽሑፉን አነሳው።

የሄሌና ጠበቃ፦
ጽሑፉን ስላነሳ ቅሬታውን አነሳ ማለት አይደለም። የጻፈውን እስከ መጨረሻው አንብበኸው ከሆነ፣ መጀመሪያ የተነገረው ሌላ ነበር። ሜሎር አልቀረም፣ ዘገየ እንጂ፣ በሲዝን 3 ሊወለድ ይችላል ተባለ። ይሁን ብሎ ተቃውሞውን ተወ። በኋላ ነው ጭራሽ እንደሌለ የሰማው። ሰውየው ያዘነው በቁጥር አይደለም። ከዚያ ልጅ ጋር አብሮ የሚሄደውን ስለሚያውቅ ነው።

ሌሊት 10 ሰዓት፦
እኔ መጽሐፉን አላነበብኩም። ከልጁ ጋር ምንድን ነው አብሮ የሚሄደው? ማን እንደሚሞት ሳትነግሩኝ ብቻ አስረዱኝ።

የሄሌና ጠበቃ፦
ወንድሜ፣ ሳልነግርህ ማስረዳት አልችልም። ካልፈለግክ ይኼን እለፈው። ሬኒራ ዋና ከተማውን ኪንግስ ላንዲንግን ስትይዝ ሪካርድ ቶርን የሚባል ፈረሰኛ ሜሎርን ደብቆ ወደ ሃይታወር ጦር ሊያደርሰው ይነሳል። ቢተርብሪጅ የምትባል ከተማ ላይ ይያዛል። ሕዝቡ በልጁ ላይ ይረባረባል፣ ልጁ ይሞታል። የሄሌና ወንድም ዴሮን ከተማዋን በድራጎኑ ያቃጥላታል። ወሬው ሄሌና ጆሮ ሲደርስ ራሷን ትገድላለች። የእሷ ሞት ደግሞ የኪንግስ ላንዲንግን ሕዝብ ያስነሳል። አንዱን ክር ስትመዝ ጥለቱ በሙሉ ይተረተራል። አሁንም አንድ ሕፃን ነው?

ጥቁር ክንፍ፦
አዎ። ሕዝቡን ለማስነሳት ረሃብ ይበቃል። የባሕሩ በር ተዘግቶ ከተማው ሲራብ በሲዝን 2 አይተናል። ደግሞ መጽሐፉን እንደ ወንጌል አትያዙት። አርችሜስተር ጊልዴይን የሚባል ምሁር ከመሽሩም፣ ከሴፕተን ዩስታስ እና ከመንከን የለቃቀመው ታሪክ ነው። ሦስቱም እርስ በርስ ይጣላሉ። ኮንዳል በመሃላቸው የራሱን መንገድ ቢመርጥ መብቱ ነው።

የሄሌና ጠበቃ፦
ምስክሮቹ የሚጣሉት ማን ምን አለ፣ ማን ከማን ጋር ተኛ በሚለው ላይ ነው። ሜሎር የሚባል ልጅ አልነበረም ያለ ግን አንድም የለም።

ቨርጂኒያ ነኝ፦
ቆይ፣ እኔ ሌላ ነገር ነው የሚታየኝ። ፊልሙ ለሄሌና በመጽሐፉ የሌለ መጪውን የማየት ጸጋ ሰጥቷታል። በሲዝን 2 መጨረሻ ወንድሟን ኤሞንድን ጎድስ አይ የሚባለው ሐይቅ ይውጥሃል አለችው። ኤጎን እንደገና እንደሚነግሥ፣ በእንጨት ዙፋን ላይ እንደሚቀመጥ ነገረችው። ይቺ ሴት የራሷንም መጨረሻ አይታለች ባይ ነኝ። ሞቷ በሐዘን ሳይሆን በማወቅ ይመጣል። እኔ እንደዚያ ቢሠሩት አለቅሳለሁ።

ሌሊት 10 ሰዓት፦
ቨርጂኒያ፣ አንቺን ሳይ ያ የሐምሌ 1 ሰኞ ትዝ ይለኛል። እናንተ ጋ እሑድ ማታ 3 ሰዓት ሲሆን እኛ ጋ ሰኞ ሊነጋጋ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። ሲዝን 2ን እንዳለ በዚያ ሰዓት እየተነሳሁ ነው ያየሁት። ስምንት ሰኞ። ያን ቀን ብቻ መብራት ጠፋብኝ። ጠዋት ስልኬን ስከፍት «ሬኒስን ገደሏት» ብለሽ ጽፈሻል። እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

ቨርጂኒያ ነኝ፦
እውነት ይቅርታ። እያለቀስኩ ነበር የጻፍኩት። ድራጎኗ ሜሊስ ስትወድቅ ሬኒስ ዓይኗን ስትጨፍን ራሴን መግዛት አቃተኝ። በዚህኛው ሲዝን እስከ ማክሰኞ ምንም አልጽፍም።

ሌሊት 10 ሰዓት፦
እስከ ረቡዕ አድርጊው። ለማንኛውም እኔን የሚያናድደኝ ሕፃኑ አይደለም። ሲዝን 1 አሥር ክፍል ነበር። ሁለተኛው ስምንት ሆነ። በመጨረሻው ክፍል ጦሩ ሁሉ ሲጓዝ፣ መርከብ ሲቀዝፍ አሳዩን፣ ከዚያ ዘጉት። ከኦገስት 2024 ጀምሮ እየጠበቅኩ ነው። እነሱ በበጋ 2026 ይላሉ፣ የእኛ ክረምት መሆኑ ነው። ገለት ላይ ያለውን የባሕር ውጊያ ካላየሁ አንድም ነገር አያረካኝም።

ጥቁር ክንፍ፦
እዚህ ላይ እንስማማለን። ገለት የግድ ነው። ከዚያ ውጊያ በኋላ ሬኒራ ያው ሬኒራ አትሆንም፣ ምክንያቱም ልጇ ጄስ

ሌሊት 10 ሰዓት፦
አቁም!!! ጄስ ምን?

ጥቁር ክንፍ፦
ምንም። ይቅርታ።

የኔትልስ ልጅ፦
ሁላችሁም ስለ ንጉሥ ልጆች ትከራከራላችሁ። በመጽሐፉ ያለችው ኔትልስስ? የድሃ ልጅ ናት። ቆዳዋ ጠይም፣ አባቷ የማይታወቅ። ሺፕስቲለር የሚባለውን ድራጎን በየቀኑ በግ እያረደች እየወሰደች ነው ያለመደችው። ድራጎን የዘር ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ የምታሳየው እሷ ናት። ያን ድራጎን በሲዝን 2 ቬል ላይ የዴሞን ልጅ ሬና ስታሳድደው አየን። ከድሃዋ ቀምተው ለጌታ ልጅ ሰጡት። ከሜሎር ይልቅ እኔን የሚያመኝ ይኼ ነው።

ጥቁር ክንፍ፦
ድራጎን የጋለቡት አዳምና ሂው እና ኡልፍ አሉ እኮ። ሦስቱም ተራ ሰዎች ናቸው።

የኔትልስ ልጅ፦
ሦስቱም የጌታ ዲቃላ ናቸው ይባላል። እሷ ግን ምን እንደሆነች ማንም አላረጋገጠም። ልዩነቱ እዚያ ላይ ነው።

ጥቁር ክንፍ፦
ወደ ነገራችን እንመለስ። የሄሌና ጠበቃ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሲዝን 2 ሲያልቅ የሄሌናና የኤጎን እናት አሊሰንት ድራጎንስቶን ድረስ ሄዳ ከሬኒራ ፊት አልቆመችም? ሬኒራ ልጅ ስለ ልጅ አላለቻትም? አሊሰንት ኤጎንን አልሰጠችም? እናት ልጇን የምትመርጥበት ያ ሰዓት አልጠፋም። ከሄሌና ወደ አሊሰንት ነው የተሻገረው። ለእኔ ይኼ ብልህ ሥራ ነው።

የሄሌና ጠበቃ፦
ጥሩ ነጥብ ነው፣ አልክድም። ግን አንድ አይደለም። ኤጎን አድጎ የነገሠ፣ ሰው ያሰቀለ ሰው ነው። አሊሰንት ደግሞ በራሷ እግር ሄዳ አስባ ነው የወሰነችው። ሄሌና ግን ድንገት ተይዛ፣ ካልመረጥሽ ሁሉንም እንገድላለን ተብላ ነው። ምንም ያላጠፋ ሕፃን ስም ከአፏ አወጡት። ያኛው ፖለቲካ ነው። ይኼኛው በደል ነው።

ጥቁር ክንፍ፦
ተመልካች በሁለቱም ያለቅሳል።

የሄሌና ጠበቃ፦
ዴሮንስ? የጦሩን መሪ ኦርመንድ ሃይታወርን ጄምስ ኖርተን ይጫወተዋል ተብሏል። ስለዚህ የሃይታወር ጦር መምጣቱ አይቀርም። ቢተርብሪጅ ሲደርስ ልጁ ከሌለ ዴሮን ከተማዋን በምን ምክንያት ያቃጥላል? ከአረንጓዴዎቹ፣ ከኤጎን ወገኖች፣ ሁሉ ደግ የሚባለው ልጅ እኮ ነው። ያን እሳት ያስነሳው የሜሎር ሬሳ ነው። ምክንያቱን ወስደው እሳቱን ቢተዉልን ዴሮን ያለ በደሉ ጭራቅ ይሆናል። እኔ አረንጓዴ ነኝ፣ አልደብቅም። ልጁን እንዲያ እንዳያደርጉት እፈራለሁ።

ቨርጂኒያ ነኝ፦
ምናልባት ጄሄራን ያሸሿት ይሆናል። እሷም የሄሌና ልጅ ናት፣ መንገዱም ያው መንገድ ነው።

የሄሌና ጠበቃ፦
ጄሄራ እዚያ ከሞተች የጦርነቱ መጨረሻ ይበላሻል! መጽሐፉ ሲዘጋ ማን እንደምታገባ ረሳሽው?

ሌሊት 10 ሰዓት፦
አሁንስ የመጨረሻውንም ልትነግሩኝ ነው። እኔ ወጣሁ። ገለት ሲታይ እመለሳለሁ።

ጥቁር ክንፍ፦
ኮንዳል በአራት ሲዝን እጨርሰዋለሁ ብሏል። ሁለት ነው የቀረው። ገለት፣ የከተማው መያዝ፣ ከተምብልተን ውጊያ እስከ ጎድስ አይ ውጊያ። ይኼን ሁሉ ሊያሳየን የሆነ ነገር መቅረቱ ግድ ነበር። የቀረው ደግሞ አንድ ሕፃን ነው።

የሄሌና ጠበቃ፦
እንደገና? በቃ፣ ሄሌና በሲዝን 3 የምትሞት ከሆነ በዚያ ሰኞ እዚሁ እጠብቅሃለሁ። ለምን እንደሞተች በአንድ ዓረፍተ ነገር ትነግረኛለህ።

ጥቁር ክንፍ፦
እነግርሻለሁ። ግን ረቡዕ፣ ያ መብራት የጠፋበት ልጅ ሳያይ እንዳንጽፍበት።

የኔትልስ ልጅ፦
ስለ ኔትልስ የመለሰልኝ የለም።