የኤሌክትሪክ መኪና ዋጋው ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ፤ ምን ይሻለኛል?

ማለዳ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው።

በቀን ወደ 60 ኪሎሜትር እነዳለሁ። ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት አደርሳለሁ፣ ከዚያ ሥራ፣ ማታ ደግሞ ሰብስቤያቸው ወደ ቤት። መኪናዬ የቆየች የቤንዚን መኪና ናት፤ በ100 ኪሎሜትር ወደ 8 ሊትር ትጠጣለች። ነዳጁ ደመወዜን እየጨረሰብኝ ነው። ያገኘሁት ሰው ሁሉ «ኤሌክትሪክ ግዢና ተገላገዪ» ይለኛል። እሺ ብዬ ዋጋ ስጠይቅ አዲሱ ተመሳሳይ ከሆነ የቤንዚን መኪና አንድ ተኩል እጥፍ ሆኖ አገኘሁት። ቅድመ ክፍያው ብቻ እኔና ባለቤቴ ያጠራቀምነውን ሁሉ ይወስዳል።

ግራ የገባኝ ይሄ ነው። ይህን ያህል የሚያስወድደው ምንድን ነው? በብድር አዲስ ልግዛ ወይስ ያገለገለ ልፈልግ? ያገለገለ ካልኩ ደግሞ ባትሪው አልቆ ቢሆንስ የሚለው ሐሳብ እንቅልፍ ይነሳኛል። በነዳጅ የማተርፈውስ የዋጋውን ልዩነት መቼ ይመልስልኛል? የምንኖረው ግቢ ያለው ቤት ነው፤ መኪናዋም የምታድረው ግቢ ውስጥ ነው። ልምድ ያላችሁ እባካችሁ።

ባትሪ ጠጋኙ

እህቴ፣ የመጀመሪያውን እኔ ልመልስልሽ። የሚያስወድደው ባትሪው ነው። ሞተሩ ከቤንዚን ሞተር ጋር ሲተያይ ቀላል ነገር ነው፤ የሚንቀሳቀሱ ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው። ባትሪው ግን ብቻውን ከመኪናው ዋጋ ሲሶ ገደማ ይይዛል።

ባትሪ ድሮ ከዚህም የባሰ ውድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 የአንድ ኪሎዋት ሰዓት (የመብራት ቆጣሪሽ የሚቆጥረው መለኪያ) ባትሪ አማካይ ዋጋ ከ1,000 ዶላር በላይ ነበር። በ2024 ወደ 115 ዶላር ወርዷል። ይሄ መኪና ፋብሪካው የሚከፍለው ነው፤ አንቺ መለዋወጫ ብትገዢ የምትጠየቂው ከዚህ በጣም ይበልጣል። «ታዲያ መኪናው ለምን በዚያው ልክ አልረከሰም?» ትዪ ይሆናል። አምራቾቹ ባትሪው ሲረክስ ባትሪውን አተለቁት። በ2010 የወጣው ኒሳን ሊፍ የሚባለው የኤሌክትሪክ መኪና የመጀመሪያው ሞዴል የሚይዘው 24 ኪሎዋት ሰዓት ነበር። ዛሬ 60 እና 80 የሚይዝ መኪና የተለመደ ሆኗል። መኪኖቹም ገዘፉ፣ ከበዱ።

አሁን የአንቺን 60 ኪሎሜትር እንየው። መካከለኛ የኤሌክትሪክ መኪና በ100 ኪሎሜትር ከ15 እስከ 20 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ለአንቺ በቀን 10 ወይ 12 ነው ማለት ነው። 80 የሚይዝ ብትገዢ አብዛኛውን ባትሪ ሳትነኪው ተሸክመሽ ትዞሪያለሽ። ዋጋውን ትከፍያለሽ፣ ብድር ከሆነ ወለዱንም ትከፍያለሽ። 40 አካባቢ የሚይዝ ይበቃሻል፣ ይተርፍሻልም። በእኔ እምነት ተራው ሹፌር በዋጋ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። በዓመት አንዴ ሁለቴ ለሚሄድበት ሩቅ መንገድ ሲል ዓመቱን ሙሉ ይከፍላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ስትጠይቂ «ባትሪው ምን ዓይነት ነው?» በዪ። ኤልኤፍፒ የሚባለው ከብረትና ከፎስፌት የሚሠራው ነው። ኒኬልም ኮባልትም የለበትም፤ ስለዚህ ርካሽ ነው፣ ብዙ ጊዜ ቻርጅ ቢደረግም ይችላል። ጉድለቱ ለተመሳሳይ ኃይል ክብደቱ ይበልጣል፣ ብርድም ብዙ አይወድም። ለከተማ ሹፌር ግን እኔ የምመርጠው እሱን ነው።

ደብተርና እስክሪብቶ

የሂሳቡን ጥያቄ ለእኔ ተዪልኝ። ነዳጅም መብራትም በየአገሩ ዋጋው ስለሚለያይ በሊትርና በኪሎዋት ሰዓት እናስላው፤ ዋጋውን አንቺ ታስገቢበታለሽ።

በቀን 60 ኪሎሜትር፣ በወር 25 ቀን፣ 1,500 ኪሎሜትር ነው። በ8 ሊትር ሂሳብ 120 ሊትር ቤንዚን ታቃጥያለሽ። በኤሌክትሪክ በ100 ኪሎሜትር 16 ብንል 240 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ቻርጅ ሲደረግ የሚባክን መብራት አለ፤ ከ10 እስከ 15 በመቶ። ስለዚህ ቆጣሪሽ ላይ 270 ገደማ ይመጣል። የ120 ሊትር ቤንዚን ዋጋና የ270 ኪሎዋት ሰዓት መብራት ዋጋ ጎን ለጎን ጻፊ። ልዩነቱ የወር ትርፍሽ ነው።

በዚያ ላይ የዘይት መቀየሪያ፣ የነዳጅና የዘይት ፊልትሮ፣ የካንዴላ ወጪ ይቀርልሻል። ፍሬንም ይቆያል፤ እግርሽን ከነዳጅ መስጫው ስታነሺ ሞተሩ ራሱ እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። ጎማ ግን ቶሎ ይበላል፣ መኪናው ከባድ ስለሆነ። ኢንሹራንሱም ብዙ ቦታ ከፍ ይላል፤ ሳትገዢ በፊት ደውለሽ ጠይቂ።

ከዚያ የሁለቱን መኪኖች የዋጋ ልዩነት ለወር ትርፍሽ አካፍዪ። የሚመጣው ስንት ወር እንደሚፈጅብሽ ነው። በብድር ከሆነ ግን ልዩነቱ ላይ የሚከፈለውን ወለድ ደምሪበት። ብዙ ሰው ይሄን ይዘለዋል። የወር ወለዱ ከወር ትርፉ ከበለጠ መቼም አይመልስልሽም፤ እየነዳሽ ዕዳ ነው የምትከምሪው።

ቀስ በቀስ

እኔ ትንሽ ልቃወም። ሁሉን ሰው «ግዛ» ማለት ልክ አይመስለኝም። ቤቱ ቻርጅ ማድረግ የማይችል፣ ፎቅ ላይ የሚኖርና መኪናው መንገድ ዳር የሚያድር ሰው በፈጣን የሕዝብ ቻርጀር ላይ ነው የሚንጠለጠለው። በብዙ አገር የዚያ ዋጋ ከቤት መብራት ሁለትና ሦስት እጥፍ ነው። ትርፉ እዚያው ያልቃል። በቀን ትንሽ የሚነዳ ሰውም በነዳጅ የሚያድነው ጥቂት ስለሆነ ልዩነቱን ለመመለስ ዕድሜ ይፈጅበታል። ለእነዚህ ሰዎች ደህና ሃይብሪድ (በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የሚሄድ) ወይ ነዳጅ ቆጣቢ ትንሽ መኪና ይሻላል።

ማለዳ ግን ግቢ አላት፣ ብዙም ትነዳለች። ስለዚህ እሷን ግዢ ነው የምላት፤ አዲስ ግን አይደለም። አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ዋጋው ክፉኛ ይወርዳል። አዳዲስ ሞዴል በየጊዜው ይወጣል፣ አምራቾቹም ዋጋ ይቀንሳሉ፣ የትናንቱ ይረክሳል። ያንን ኪሳራ የመጀመሪያው ባለቤት ይሸከመው። አንቺ ከሱ በኋላ ግዢ።

ደግሞ የዋጋው ነገር የገዢው ጥፋት ተደርጎ ሲወራ ያናድደኛል። ኖርዌይ የኤሌክትሪክ መኪናን እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ አደረገች። በ2024 እዚያ ከተሸጡት አዳዲስ መኪኖች ከ10 ወደ 9 የሚጠጉት የኤሌክትሪክ ነበሩ። ሕዝቡ ስለፈለገ ብቻ አይደለም፤ ከቤንዚኑ ጋር ሲተያይ ዋጋው ስለሚያዋጣ ነው። አገር ታክስ ሲያነሳ ወይ ሲደጉም ቅድሚያውን ለትንሿ መኪና ቢሰጥ ተራው ሰው በደረሰው ነበር። ስለዚህ የምትኖሪበት ቦታ ምን ቅናሽ እንዳለ ሳታጣሪ አትክፈዪ።

ሊፍ ነጂ

ያገለገለ ሊፍ ገዝቼ ነው የምነዳው፤ ባትሪው አልቆ ቢሆንስ የሚለውን ስጋት በደንብ አውቀዋለሁ። ባትሪ እንደ ሻማ አንድ ቀን ድንገት አይጠፋም፤ ቀስ እያለ ነው የሚያንሰው። ብዙ አምራቾች ለባትሪው 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎሜትር ዋስትና ይሰጣሉ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከ70 በመቶ በታች ከወረደ ይጠግናሉ ወይ ይቀይራሉ። ዋስትናው ግን መኪናው ከተሸጠበት አገር ውጪ ላይሠራ ይችላል፤ በጽሑፍ አረጋግጪ።

ስታዪ የምታደርጊውን ልንገርሽ። ሊፍ ላይ ከዳሽቦርዱ በቀኝ በኩል የባትሪውን ጤና የሚያሳዩ ትንንሽ መስመሮች አሉ፤ 12 ናቸው። ሻጩ «12 ሙሉ ነው» ይልሻል። ግን የመጀመሪያው መስመር የሚወድቀው ባትሪው ወደ 15 በመቶ ካጣ በኋላ ነው። ስለዚህ 12 መስመር ያለው መኪና ባትሪው 98 በመቶም 86 በመቶም ሊሆን ይችላል። ይባስ ብሎ ኮምፒውተሩን ዜሮ አድርገው መስመሮቹን የሚመልሱ ሻጮች አሉ። ትንሽ ሲነዳ ተመልሰው ይወድቃሉ፤ ያኔ መኪናው በእጅሽ ነው።

ስለዚህ መስመር አትመኚ። ከመሪው በታች ባለው ሶኬት የሚሰካ፣ የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ ኦቢዲ የሚባል ማንበቢያ አለ፤ ውድ አይደለም። ስልክሽ ላይ ሊፍ ስፓይ የሚባለውን መተግበሪያ ጭነሽ የባትሪውን ጤና በመቶኛ ታያለሽ። የእያንዳንዱን ሴል (ባትሪው የተሠራበትን ትንሽ ክፍል) ቮልቴጅም ያሳይሻል። ሁሉም እኩል ሆነው አንዱ ብቻ ዝቅ ብሎ ከታየሽ ያ ሴል ችግር አለበት። ለሌላ ሞዴልም ተመሳሳይ መተግበሪያ አይጠፋም።

ከዚያ ደግሞ ንጂው። 100 በመቶ ተሞልቶ ይጠብቅሽ በዪ። 60 ኪሎሜትር ነድተሽ ስንት በመቶ እንደወረደ እዪ። ዳሽቦርዱ በ100 ኪሎሜትር 16 ፈጀ ካለሽ 9.6 ኪሎዋት ሰዓት ተጠቅመሻል። ባትሪው ከ100 ወደ 50 ከወረደ ሙሉው የሚሰጥሽ 19 ገደማ ብቻ ነው። ሲሸጥ 40 ነው ከተባለ ውሸቱ እዚያ ይታይሻል።

ሁለት ነገር ደግሞ አትርሺ። የቆየ ሞዴል ሊፍ ባትሪውን በፈሳሽ አያቀዘቅዝም፤ ሙቀት በበዛበት ቦታ የኖረ ከሆነ ቶሎ ይዳከማል። የቻርጀሩን አፍም እዪ። የቆየው ሊፍ ለፈጣን ቻርጅ ቻዴሞ የሚባለውን ይጠቀማል፤ ለቻይና ገበያ የተሠሩ መኪኖች ጂቢቲ፣ ለአውሮፓ የተሠሩት ሲሲኤስ ናቸው። በአካባቢሽ ያለው ጣቢያ የትኛውን እንደሚይዝ ሳታዪ አትግዢ።

ማለዳ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነገር ገባኝ። ሂሳቡን ሠራሁት። አዲሱን በብድር ብገዛ ወለዱ የነዳጁን ትርፍ ይበላዋል። ያገለገለ 40 የሚይዝ ከሆነ ግን ባጠራቀምነው ላይ ትንሽ ጨምረን ይሆናል። አሁን የቀረኝ ጥያቄ የቤቱ መብራት ነው። ግቢያችን ውስጥ ያለው ተራ ሶኬት ነው። ይችላል?

ጡረተኛው ኤሌክትሪሺያን

ልጄ፣ ይችላል፤ በጥንቃቄ ከሆነ። መብራቱ 220 ቮልት በሆነበት ቦታ በ10 አምፔር 2.2 ኪሎዋት ታገኛለሽ። በ8 ሰዓት ወደ 17 ነው፤ የሚባክነው ሲቀነስ 15። ለ90 ኪሎሜትር ይበቃል። አንቺ የምትፈልጊው 60 ስለሆነ ማታ ሰክተሽው ተኝተሽ ስትነሺ ተሞልቶ ታገኚዋለሽ። ትልቁን የግድግዳ ቻርጀር ለመግዛት አትቸኩዪ።

ግን ስሚኝ። የቤት ሶኬት ለምጣድና ለካውያ እንጂ ሌሊቱን ሙሉ 10 አምፔር እንዲሸከም ተብሎ ብዙ ጊዜ አይዘረጋም። የላላ ሽቦ ካለ ይግላል፣ ይቀልጣል። ስለዚህ ከማከፋፈያ ሳጥኑ በቀጥታ የወጣ የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከር አሠሪለት። የመሬት ሽቦው በትክክል የተቀበረ ይሁን፤ ብዙ ቤት ሶኬቱ ላይ ቀዳዳው አለ እንጂ ከጀርባው ምንም የለም። ኤክስቴንሽን በፍጹም አትጠቀሚ፣ የተጠቀለለ ከሆነ ደግሞ እሳት ነው። መጀመሪያ ስትሰኪ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሂጂና ሶኬቱን በእጅሽ ንኪው። ለብ ቢል ችግር የለም። እጅሽን ማቆየት ካቃተሽ ወዲያው ከማከፋፈያው አጥፊና ባለሙያ ጥሪ።

ማለዳ

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። የሚሉትን መስመር አሠራለሁ።

ዛሬ አንድ መኪና ሄጄ አየሁ። መልኩ ንጹሕ ነው፣ ዋጋውም ይስማማኛል። ግን ማንበቢያውን ልሰካ ስል ሻጩ «ኮምፒውተሩን ያበላሽብኛል» ብሎ ከለከለኝ። ባትሪው በቅርቡ ተቀይሯል ይላል። ምን ላድርግ?

ባትሪ ጠጋኙ

ማንበቢያው የሚያበላሸው ነገር የለም፤ ያነባል እንጂ። ባትሪው ተቀይሮ ከሆነ የሠራው ጋራዥ ደረሰኝ ይኖራል። የትኛው ሞዱል (ሴሎቹ የታሸጉበት የባትሪው ክፍል) እንደተቀየረም ይጠየቃል፤ የመጀመሪያዎቹ ሊፎች 48 ሞዱል አላቸው፣ ሁለት ሦስት ቀይሮ «ባትሪው አዲስ ነው» የሚል ሞልቷል። ደረሰኝም ካላሳየሽ፣ ማንበቢያም ካላስሰካሽ ተዪው። ዋጋው ቢቀንስልሽም ተዪው።

ሊፍ ነጂ

እኔም ያንኑ ነው የምለው። ሌላ ሻጭ ጋ ስትሄጂ በስልክ እያለሽ «ማንበቢያ እሰካለሁ፣ 60 ኪሎሜትር እነዳለሁ» ብለሽ ቀድመሽ ንገሪው። እሺ ያለው ጋ ብቻ ሂጂ። የቤት ቻርጅ ገመዱ አብሮ መኖሩንም እዚያው ጠይቂ፤ ለብቻው ሲገዛ ቀላል ዋጋ አይደለም። ካለም ግቢው ውስጥ ሰክቶ ሲሞላ ያሳይሽ።