የክረምት የምርምር ልምምድ፦ የጋራ ፕሮፖዛል ረቂቅ (ድሬዳዋና ሐረር)

ጸሐፊ፣ ድሬዳዋ
ሰላም ለሁላችሁ። በማኅበራችን ጉባኤ እንደተባባልነው የተማሪዎቹን የክረምት ልምምድ ፕሮፖዛል እዚሁ እንጨርሰው። የእኔ መነሻ ይሄ ነው፦ 8 ሳምንት፣ 20 ተማሪ፤ ከሕክምና ላቦራቶሪ፣ ከባዮሎጂ፣ ከባዮቴክኖሎጂና ከኅብረተሰብ ጤና። ግማሹ ድሬ፣ ግማሹ ሐረር። ለሕይወት ፋና፣ ለጀጎል፣ ለድል ጮራና ለሳቢያን ሆስፒታሎች ደብዳቤ እንጽፋለን። 8 ሳምንት ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም። የአሜሪካው ብሔራዊ የጤና ተቋምም ለክረምት ተለማማጆቹ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ጊዜ ይኸው ነበር፤ ከዚያ ካነሰ ልጁ ገና እጁ ሳይፈታ ዕቃውን ሰብስቦ ይሄዳል። የማይሆነውን ሰርዙ፣ የጎደለውን ሙሉ።

ተማሪ አባል፣ ሦስተኛ ዓመት ባዮቴክኖሎጂ
እኔ 20 የሚለውን እሰርዛለሁ። ባለፈው ክረምት ለልምምድ አንድ ላቦራቶሪ ተመድቤ ነበር፣ ስሙ ይቅር። አንድ ማይክሮስኮፕ ከበን ተራ ስንጠብቅ እናረፍዳለን፣ ከሰዓት የመዝገብ ቁጥር እንገለብጣለን። ሰርተፊኬቱ ግን ያምር ነበር። ከ8 ተማሪ በላይ አትቀበሉ። ሁለት ሁለት ሆነን አንድ አማካሪ ይኑረን፤ ናሙናውን ራሳችን እንሰብስብ፣ ራሳችን እንቁጠር፣ ስንሳሳትም ደብተራችን ላይ ይታይ።

መምህር፣ ሐረር
ልጅቷ እውነቷን ነው። እኔ ደግሞ አራት ሆስፒታል የሚለው ነው ያስፈራኝ። የታካሚ ደም፣ አክታ ወይም ካርድ የሚነካ ጥናት የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሳያየው አይጀመርም፣ መጀመርም የለበትም። ኮሚቴው ጥያቄ ይዞ ይመለሳል፣ ታርማላችሁ፣ እንደገና ታስገባላችሁ፤ እንዲህ ሲባል ነሐሴ ያልቃል። ተማሪው መጥቶ ፈቃድ የሚጠብቅበት ልምምድ ምን ይረባዋል? ለመጀመሪያው ዓመት ታካሚ የማይነካ አንድ ጥያቄ እንምረጥ፣ ሁሉም ልጆች እሱ ላይ ይሥሩ። ሆስፒታሎቹ በሁለተኛው ዓመት ይደርሳሉ።

የወባ መከላከል ባለሙያ፣ ድሬዳዋ
አቦ ጥያቄው ደጃችን ላይ ነው! ስቴፈንሲ። ለማያውቀው ባጭሩ፦ አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባለው ወባ አስተላላፊ ትንኝ ከእስያ የመጣች ናት። በአፍሪካ ቀንድ መጀመሪያ ጅቡቲ ላይ በ2012 እ.ኤ.አ. ታየች፣ በ2016 ደግሞ እኛው አገር ቀብሪ ደሃር ላይ ተያዘች። ነባሯ ወባ አስተላላፊ ትንኝ አረቢየንሲስ ዝናብ ያቆረውን ውሃ ስትፈልግ ይቺ ግን የከተማ ናት፤ በርሜል፣ ሮቶ፣ የግንባታ ውሃ ጉድጓድ ይበቃታል። በ2019 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ ላይ የተመዘገበው የወባ ታማሚ 205 ነበር። በ2022 ከጥር እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ብቻ ከ2,400 በላይ ሆነ፣ ያውም በደረቁ ወራት። የአርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ወረርሽኙን ከስቴፈንሲ ጋር ያያያዙት እዚሁ ከተማችን ላይ ሠርተው ነው።

ለተማሪ የሚመቸው ምኑ ነው መሰላችሁ? ዕቃው ርካሽ ነው። ባትሪ፣ ነጭ ጭልፋ፣ ነጭ ሳህን፣ ጠብታ መምጠጫ። በርሜሉን ድንገት ከፍታችሁ ጥላችሁ ካረፈበት እጮቹ ወደ ታች ይሰምጣሉ፤ ዝም ብላችሁ ስትጠብቁ ይመለሳሉ። ያኔ ተመልከቱ፦ የአኖፌለስ እጭ ውሃው ላይ ተጋድሞ ነው የሚተነፍሰው፣ የሌሎቹ ትንኞች፣ የኤደስና የኩሌክስ፣ ግን በመተንፈሻ ቱቦው ተንጠልጥሎ ራሱን ወደ ታች ይዘቀዝቃል። ይሄን በዓይኑ የለየ ልጅ አይረሳውም። ኤደስ ደግሞ ዝም ብላ አብራ የምትቆጠር አይደለችም፤ በ2013 እ.ኤ.አ. ደንጊ፣ በ2019 ቺኩንጉንያ ያመጣችብን እሷ ናት። አንድ በርሜል ውስጥ ሁለቱም ይገኛሉ።

መምህር፣ ሐረር
ተስማማሁ፣ ግን በእጭ ብቻ ዝርያ አይወሰንም። እጩ አድጎ ትንኝ እስኪሆን እንደ ሙቀቱ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ድርብ በርና መረብ ያለው ክፍል ያስፈልገናል፤ ጥናት ብለን ትንኝ አርብተን ከተማው ላይ እንዳንለቅ። የወጣችውን ትንኝ በማይክሮስኮፕ ለይተን የተወሰኑትን በፒሲአር፣ ማለትም በዘረመል መመርመሪያ ማሽን፣ እናረጋግጥ። የማሽን ሰዓት እኔ ሐረር እጠይቃለሁ። ሐረር ላይም ይኸው ቆጠራ ይደረግ፤ እኛ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር አልፈናል፣ እናንተ 1,200 ግድም ላይ ናችሁ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከሁለቱ ከተሞች የሚመጣ ቁጥር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ለልጆቹ ጥሩ ትምህርት ነው። ደም ፊልም (መስታወት ላይ የተቀባ ደም) በማይክሮስኮፕ ማንበብም እንዳይቀርባቸው ለማስተማሪያ ተብለው የተቀመጡ፣ ስም የሌላቸው ስላይዶች አሉ፤ ጊምሳ በሚባለው ቀለም አቀላለሙን በእነሱ አሳያቸዋለሁ።

ጡረተኛ የጤና መኮንን፣ ድሬዳዋ
ልጆቼ፣ አንድ ነገር ዘለላችሁ። ለገሃሬ ወይ ገንደ ቆሬ አንዲት እናት ቤት ገባችሁ፣ በርሜሏ ውስጥ እጭ አገኛችሁ፣ ቆጠራችሁ፣ ጻፋችሁ። ከዚያስ? ዝም ብላችሁ ልትወጡ ነው? «ድፉት» እንዳትሉ ውሃው በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ የልጆቿ መጠጥ ነው። ዝም ካላችሁ ደግሞ በሽታውን አይታችሁ ማለፋችሁ ነው።

የወባ መከላከል ባለሙያ፣ ድሬዳዋ
ጋሼ ልክ ነህ። ኬሚካል መጨመሩ የጤና ቢሮ ሥራ ነው፣ ተማሪ እጁን አያስገባም። ግን ያገኘነውን ለባለቤቷ እዚያው ሳህን ላይ ማሳየት፣ በጨርቅ ወይም በክዳን እንድትከድን መንገር፣ ዝርዝሩን በዚያው ቀን ለቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን መስጠት ግዴታ ይሁን።

ተማሪ አባል
እንዲያ ከሆነ ግን ተመልሰን ስንሄድ የምንቆጥረው እኛ ራሳችን የለወጥነውን ነው። ቁጥሩ ቢቀንስ ዝናቡ ነው ክዳኑ ያመጣው?

መምህር፣ ሐረር
ጎሽ! ቅጹ ላይ «ተከድኗል / አልተከደነም» የሚል ዓምድ ጨምሩና ሁለቱን ለየብቻ ቁጠሩ። መቼ እንደተከደነም ይጻፍ። ሰውን ከመርዳትና ከንጹሕ ቁጥር አንዱን ምረጥ ከተባልኩ ግን ቁጥሩ ይበላሽ።

ጡረተኛ የጤና መኮንን
ቤት መግባትም ፈቃድ ይፈልጋል። ደም አልወሰድንም ብላችሁ የሥነ ምግባር ኮሚቴውን አትዝለሉ። ቀለል ያለ ማመልከቻ ነው፣ ግን በጥር ይግባ። ጥንዶቹንም ስትመድቡ አንዱ ኦሮምኛ ወይም ሱማሌኛ የሚችል ይሁን፤ በአማርኛ ብቻ ቤት ለቤት ዞሬ አውቀዋለሁ፣ ሰው በሩን ይከፍትልሃል፣ ወሬውን ግን አይሰጥህም።

ገንዘብ ያዥ፣ ሐረር
እኔ የምለው መኝታ ነው። በሐምሌ ዩኒቨርሲቲዎቹ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ይቀበላሉ፣ የክረምት መርሐ ግብር ተማሪዎችም አሉ። ዶርም በነሐሴ እንኳ ከተገኘ ተመስገን ነው። የከተማውን ልጅ ብቻ እንዳንወስድ የቤት ኪራይና የምግብ በጀት ይግባ። ኪስ ገንዘብ የሚለው መስመርም አይቆረጥ፤ ክረምት ላይ ሠርቶ ቤተሰቡን የሚረዳ ተማሪ ያለ ክፍያ ሁለት ወር ሊቀመጥልን አይችልም። ያለ ክፍያ ከሆነ የሚመጣው አባቱ የሚችልለት ብቻ ነው። ገንዘብ ካነሰን ከ8 ወደ 6 ተማሪ እንውረድ እንጂ ክፍያውን አልነካም። ሌላው፣ ተመራቂዎች በመውጫ ፈተና ስለሚወጠሩ ማስታወቂያው ሦስተኛ ዓመትን ይጥራ።

የወባ መከላከል ባለሙያ፣ ድሬዳዋ
አንድ ልጨምር። ወረርሽኙ በደረቁ ወራት ነበር፣ እኛ የምንቆጥረው ግን በክረምት ነው። የነሐሴን ቁጥር ይዘን ስለ ሚያዝያ ማውራት አንችልም። እነዚያኑ ቤቶች በጥር የሴሚስተር ዕረፍት ላይ ደግመን እናያቸው። ለዚያ በፈቃደኝነት የሚወጣ ቢያንስ አንድ ጥንድ ይኑር፣ አማካሪው እኔ እሆናለሁ።

ጸሐፊ፣ ድሬዳዋ
እሺ፣ ረቂቁን እንዲህ አድርጌ ቀይሬዋለሁ፦

«ማኅበሩ 8 የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎችን ከሐምሌ አጋማሽ ጀምሮ ለ8 ሳምንት ይቀበላል። አራት ጥንድ ሆነው በድሬዳዋና በሐረር በተመረጡ ቤቶችና የግንባታ ቦታዎች የተጠራቀመ ውሃ ውስጥ ያለውን የአኖፌለስና የኤደስ እጭ ይቆጥራሉ፣ ያሳድጋሉ፣ ዝርያውን ይለያሉ። የተገኘው በዕለቱ ለቤቱ ባለቤትና ለጤና ኤክስቴንሽን ይነገራል። በጥር እነዚያው ቤቶች እንደገና ይታያሉ። የታካሚ ናሙና በዚህ ዙር አይወሰድም።»

ሆስፒታሎቹን አውጥቻለሁ። መምህር፣ የማሽኑን ሰዓትና የትንኝ ማሳደጊያ ክፍሉን በጽሑፍ ያረጋግጡልኝ፤ ክፍሉ ካልተገኘ ዝርያ መለየቱን ከረቂቁ ማውጣት ይኖርብኛል። ጋሼ፣ የማመልከቻውን የመጀመሪያ ገጽ አንተ ብትጽፈው ኮሚቴው ፊት ያምራል። የቤቶቹን አመራረጥ ማን ይይዘዋል? ከዚራንና ሳቢያንን ብቻ ይዘን ታይዋን ሰፈርን እንዳንረሳ።

ተማሪ አባል
አመራረጡን እኔ ልያዝ። ሱማሌኛ የምትችል የክፍል ጓደኛ አለችኝ፣ ሐሙስ ሁለታችንም ካርታ ይዘን እንመጣለን።