ቤት አስይዞ፣ ደመወዝ ትቶ ወደ ንግድ መግባት፦ ድፍረቱ እስከ የት ነው?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁም። በአንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ የምርት ክፍል ኃላፊ ሆኜ እሠራለሁ። ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር የራሳችንን ማተሚያ ቤት ለመክፈት ከተስማማን ሰንብተናል፤ ያልተስማማነው በአገባቡ ላይ ነው። እነርሱ ሦስታችንም በአንድ ጊዜ ሥራ ለቀን፣ ከባንክ ተበድረን የኅትመት ማሽን እንድንገዛ ይፈልጋሉ። ለብድሩ መያዣ የሚሆን ንብረት ያለኝ ግን እኔ ብቻ ስሆን፣ እርሱም ከባለቤቴ ጋር የምንኖርበት ቤት ነው። ስጋቴን ስገልጽላቸው «ያልደፈረ አያተርፍም» ይሉኛል። ትርፉም ኪሳራውም ለሦስት እኩል ይከፈላል መባሉ ፍትሐዊ ቢመስልም፣ የሆነ ነገር አላረካኝም። ፈሪ ሆኜ ነው ወይስ የምፈራው ነገር በእርግጥ የሚያስፈራ ነው?

የመጀመሪያ መልስ

የሚያስፈራ ነው ባይ ነኝ፤ ኪሳራው በቁጥር እኩል ቢከፈልም በክብደት እኩል አይሆንምና። ስዊዘርላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ዳንኤል በርኑሊ እ.ኤ.አ. በ1738 በታተመው ጥናቱ፣ አንድ ዓይነት መጠን ያለው ገንዘብ ብዙ ላለውና ጥቂት ላለው ሰው እኩል ዋጋ እንደማይኖረው፣ ስለዚህም ዕድሉን የሚሞክር ሰው ሊያሰላ የሚገባው የገንዘቡን ብዛት ብቻ ሳይሆን ገንዘቡ በኑሮው ላይ የሚያመጣውን ለውጥ እንደሆነ አስረድቷል። ሥራው ባይሳካ ባልደረቦችዎ ቁጠባቸውንና ድካማቸውን ያጣሉ፤ እርስዎ ደግሞ በዚያ ላይ መጠለያዎን። «ኪሳራው እኩል ነው» የሚለው ስምምነት ያላረካዎት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ሌላው፣ ሁለት የተለያዩ ስጋቶችን አንድ ላይ አስራችኋቸዋል። አንደኛው ደንበኛ እናገኛለን ወይ የሚለው ነው፤ ሁለተኛው ዕዳውን እንችለዋለን ወይ የሚለው። የመጀመሪያውን ለመመርመር ማሽን መግዛት ግድ አይደለም። ትእዛዝ ተቀብሎ፣ ዲዛይኑን ራስ ሠርቶ፣ ኅትመቱን ሌላ ማተሚያ ቤት ማሳተም ይቻላል። ትርፉ ቀጭን እንደሚሆን አልክድም፤ ነገር ግን ደንበኛው ተመልሶ መምጣቱን፣ ክፍያውንም በወቅቱ መፈጸሙን ቤትዎ ሳይነካ ያያሉ።

ሁለተኛ መልስ

ከላይ የተሰጠው ምክር ጥንቃቄ የተሞላ ቢሆንም፣ ብዙ ሰው «እየሞከርኩ ነው» እያለ ዕድሜውን የሚጨርሰው በእንዲህ ዓይነት ምክር ነው። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ ስቲቨን ሌቪት፣ ሥራ እንደመልቀቅ ባሉ ውሳኔዎች የወላወሉ ሰዎችን በበይነ መረብ ሳንቲም እንዲጥሉ ጋብዞ ከ20,000 በላይ ሳንቲሞች ተጥለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመው ውጤት መሠረት፣ በትልልቅ ውሳኔዎች ላይ ሳንቲሙ ለውጥ እንዲያደርጉ የነገራቸው ሰዎች ከስድስት ወር በኋላ ባሉበት እንዲቆዩ ከተነገራቸው ይልቅ ደስተኞች ሆነው ተገኝተዋል። ልባቸው የሚወላውል ሰዎች ለውጥን ከሚገባው በላይ ይፈራሉ ማለት ነው።

የትእዛዝ ሥራውም ቢሆን ያለ ስጋት አይደለም። ጠያቂው አሁንም የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ናቸው። የሥራ ውላቸው ከአሠሪያቸው ጋር መወዳደርን የሚከለክል ከሆነ፣ ወይም የአሠሪያቸውን ደንበኞች ወደ ራሳቸው ካዞሩ፣ ደመወዛቸውን ብቻ ሳይሆን ስማቸውንም ሊያጡ ይችላሉ። ስለዚህ በግልጽ ለቆ መውጣት አንዳንድ ጊዜ የተሻለው ጥንቃቄ ነው።

ሦስተኛ መልስ

ሁለተኛው መላሽ ስለ ሥራ ውሉ ያነሱት ነጥብ ትክክል ነው። የሳንቲሙ ጥናት ግን ሥራ ስለመልቀቅ እንጂ ቤት ስለማስያዝ ብዙ አይነግረንም፤ ሥራ የለቀቀ ሰው ሌላ ሥራ ሊያገኝ ይችላል፣ በሐራጅ የተሸጠ ቤት ግን አይመለስም።

ለዚህ ጉዳይ የሚቀርበው የኮምፒውተር አምራቹ የአፕል ታሪክ ይመስለኛል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1976 ሲቋቋም መሥራቾቹ ሦስት ነበሩ። ሦስተኛው ሮናልድ ዌይን 10 በመቶ ድርሻ ነበረው፤ በ12 ቀናት ውስጥ ግን ወጣ፤ ለድርሻውም 800 ዶላር ተከፈለው። ዛሬ ሰው ሁሉ ይስቅበታል። ነገር ግን ድርጅቱ የተቋቋመው በሽርክና ስለነበር ዕዳው በእያንዳንዱ ሸሪክ የግል ንብረት ላይ ይደርስ ነበር፤ ሌላው መሥራች ስቲቭ ጆብስ ደግሞ ትእዛዝ ለማድረስ ዕቃ በዱቤ ሊያነሣ ነበር፤ ከሦስቱ መካከል አበዳሪ ሊወስደው የሚችል ንብረት የነበረው ዌይን ብቻ ነበር። በእጁ በነበረው መረጃ ከመዘንነው ውሳኔው ሞኝነት አልነበረም። በነገራችን ላይ ቀሪው መሥራች ስቲቭ ዎዝኒያክም አፕል ከተቋቋመ በኋላ ለወራት በሌላ ድርጅት፣ በሂውሌት ፓካርድ፣ ተቀጥሮ ይሠራ ነበርና፣ ሁሉንም ትቶ ያልዘለለ አይሳካለትም የሚለው አባባል ለራሱ ለአፕልም አይሠራም።

እናንተ ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር፣ ማለትም ዕዳው በመርሕ ደረጃ ወደ አባላቱ የግል ንብረት የማይሻገር ድርጅት፣ ብታቋቁሙ የዌይን ችግር በከፊል ይቀላል። በከፊል ያልኩት፣ ቤቱን በመያዣነት ከሰጡ በኋላ የማኅበሩ ኃላፊነት መወሰን ለቤቱ ስለማይደርስለት ነው። ዕዳውን እርስዎ ከከፈሉ ባልደረቦችዎን ድርሻቸውን የመጠየቅ መብት ሊኖርዎት ይችላል፤ ይሁን እንጂ ንብረት ከሌላቸው ሰዎች ላይ መብት መኖሩ ብቻ ምን ይጠቅማል?

ጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሥራ ውሌን አውጥቼ ሳነብ ከአሠሪዬ ጋር መወዳደርን የሚከለክል አንቀጽ አገኘሁ፤ ስለዚህ በድብቅ ትእዛዝ አልቀበልም። ባለቤቴም ቤቱን ለማስያዝ እንደማትፈርም በግልጽ ነግራኛለች፤ እውነቱን ለመናገር ቀለለኝ። ከባልደረቦቼ አንዱ መጀመሪያ ለቆ በትእዛዝ ሥራ እንዲጀምር፣ እኔ ቁጠባዬን እንዳዋጣ ሐሳብ አቅርቤያለሁ። ማሽኑን በኋላ ስንገዛ ራሱ ማሽኑ መያዣ ሊሆን ይችላል?

ሦስተኛው መላሽ

ብዙ አበዳሪዎች የሚገዛውን ማሽን ራሱን በመያዣነት ይቀበላሉ፤ ከዋጋው ከፊሉን ግን ከእናንተ ኪስ ይጠይቃሉ፣ ምክንያቱም ያገለገለ ማሽን በተገዛበት ዋጋ አይሸጥም። የብድር ውሉን ስታነቡ፣ የማሽኑ ሽያጭ ዕዳውን ካልሸፈነ ቀሪው ከማን እንደሚጠየቅ የሚገልጸውን አንቀጽ ፈልጉ። የግል ዋስትና፣ ማለትም ዕዳውን ከራስ ንብረት ለመክፈል መፈረምን፣ የሚጠይቅ ከሆነ ቤቱ በሌላ በር ተመልሶ ገባ ማለት ነው። ወርኃዊ ክፍያውንም ሥራ በሚበዛበት ወቅት ገቢ ሳይሆን ሥራ በሚቀዘቅዝበት ወቅት ገቢ ልክ አስሉት። ቁጠባዎን ከማዋጣትዎ በፊት ግን የሥራ ውልዎ በተፎካካሪ ድርጅት ውስጥ ድርሻ መያዝንም ይከለክል እንደሆነ ለሕግ ባለሙያ ያሳዩት።