ሁለተኛ ልጄንም በኦፕራሲዮን ልወልድ ነው፤ የሕፃን ፕሮባዮቲክ (ጠቃሚ ባክቴሪያ ያለበት ጠብታ) ከአሁኑ ልግዛ?

የቤቲ እናት፦ ሰላም እህቶች። የ8 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ቤቲን በኦፕራሲዮን ነው የወለድኳት፤ አሁንም በኦፕራሲዮን ነው ተብያለሁ። ሰሞኑን ሳነብ በእርግዝና መጨረሻ የእናት አንጀት ባክቴሪያ ዓይነቱ እንደሚቀንስ፣ ልጅም የመጀመሪያ ባክቴሪያዎቹን ከእናቱ እንደሚያገኝ አየሁ። እኔ ደግሞ ሆዴ ይነፋል፤ ድርቀቱም መቀመጫ አሳጥቶኛል። ይሄ ለልጁ ይተርፋል? ፋርማሲ ያለውን ጠብታ ልግዛ? አማቴ ደግሞ እንደተወለደ ቅቤ ይላስ፣ አንጀቱን ያለሰልሳል ይሉኛል። ደግ ሴት ናቸው፤ ላስቀይማቸው አልፈልግም።

ማይክሮባዮሎጂ የተማርኩት፦ ያነበብሽው ልክ ነው፤ ግን አያስፈራሽ። በ2012 የወጣ የ91 ነፍሰ ጡሮች ጥናት አለ። ከመጀመሪያዎቹ 3 ወራት እስከ መጨረሻዎቹ 3 ወራት የአንጀታቸው ባክቴሪያ በጣም ተለውጧል። የመጨረሻዎቹን ወራት ባክቴሪያ ወደ አይጦች ሲያዛውሩት አይጦቹ ይበልጥ ወፈሩ፤ ኢንሱሊንም እንደ ልብ አልሠራላቸውም። ይህ ለውጥ ያላረገዘች ሴት ላይ ቢሆን ለጤና ሊያሰጋ ይችላል። ነፍሰ ጡር ላይ ግን ሰውነት ለፅንሱና ለጡት ወተት ስንቅ የሚይዝበት መንገድ ሊሆን ይችላል።

የሕፃን አንጀት ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ጡት ብቻ የሚጠባ ጤነኛ ሕፃን አንጀቱን አብዛኛውን ጊዜ የሚሞሉት ቢፊዶባክቴሪያ የሚባሉ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ጥቂት ዓይነቶች ናቸው። አዋቂ ላይ የዓይነት ማነስ ጥሩ ምልክት አይደለም፤ እሱ ላይ ግን ጤንነት ነው። ሄንሪ ቲሲየ የተባለ ተመራማሪ ፓሪስ ፓስተር ኢንስቲትዩት ውስጥ ይህን ባክቴሪያ በ1899 ያገኘው ከጡት ጠቢ ሕፃን ካካ ነው። የጡት ወተት ውስጥ ከላክቶስና ከስብ ቀጥሎ ብዛት ያለው፣ ልጁ ራሱ የማይፈጨው የስኳር ዓይነት አለ። የሚበሉት ባክቴሪያዎቹ ናቸው። በልተው አሲድ ያመርታሉ፤ አሲዱ ጎጂዎቹን ያዳክማል። የልጁ አንጀት ባክቴሪያ ወደ አዋቂ የሚጠጋው ልጁ 3 ዓመት አካባቢ ሲደርስ ነው። ስለዚህ ያንቺን አንጀት እንዲመስል አትጣደፊለት።

አዋላጅ ነርስ፦ እህቴ፣ ቅቤው ይቅር። የመጀመሪያውን ጥቁር ካካ የሚያስወጣለት እንገሩ ነው። ቢጫና ወፍራም ስለሆነ "የቆየ ወተት ነው" ብለው ያስደፉሻል፤ እንዳትደፊው። እስከ 6 ወር ከጡት ሌላ ውኃም ቢሆን አያስፈልገውም፤ ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ካለ ግን ይሰጠዋል። ለአማትሽ "ሐኪሙ ከልክሎኛል" በያቸው፤ ቅቤውን ለአንቺ ገንፎ ያድርጉልሽ።

በኦፕራሲዮን የተወለዱ ሕፃናት ባክቴሪያቸው መጀመሪያ ላይ ይለያል፤ እናትየውም ከመቀደዷ በፊት አንቲባዮቲክ ትወስዳለች። ያን አንቲባዮቲክ እንዳትፈሪው፤ ከኢንፌክሽን ያድንሻል። ልዩነቱ ልጁ እያደገ ሲሄድ በአብዛኛው እየጠበበ ይሄዳል። ማደንዘዣው ከወገብ በታች ከሆነ፣ ሁለታችሁም ደህና ከሆናችሁ፣ ገላ ለገላ እንዲያስታቅፉሽና በ1 ሰዓት ውስጥ እንዲያስጠቡሽ ከአሁኑ ለሐኪምሽ ንገሪ።

ሰላም ነኝ፦ እኛ ሁላችን ቅቤ ልሰን አይደል ያደግነው? ምን ሆንን?

አዋላጅ ነርስ፦ እውነት ነው፣ ብዙዎቻችን ልሰናል። በተቅማጥ የሞቱትን ግን ማን ይቆጥርልናል? ቅቤ የሚናጠው ካልተፈላ ወተት ነው። በዚያ ላይ ልጁ ሆዱ ሲሞላ ጡቱን በደንብ አይስብም፤ ወተቱም ቶሎ አይመጣም።

ሜሪላንድ ያለሁ እናት፦ ሁለቱንም በኦፕራሲዮን ነው የወለድኩት። ጠብታውን የሕፃናት ሐኪም ሳይልሽ አትግዢ። እዚህ ኤፍዲኤ (የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ) በ2023 ሆስፒታል ያሉ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ፕሮባዮቲክ ሲሰጣቸው ለሕይወት የሚያሰጋ ኢንፌክሽን ሊይዛቸው እንደሚችል አስጠንቅቋል። ቀኑ ሞልቶ የተወለደ ልጅ እንደዚያ ባይሆንም፣ ያለ ምክንያት ለምን? ወተት አልመጣልሽ ብሎ ዱቄት ወተት ብትጨምሪም ልጅሽን በደልሽው ማለት አይደለም።

የቤቲ እናት፦ እግዜር ይስጥልኝ። ለእኔስ? እርጎ ልጠጣ?

አዋላጅ ነርስ፦ ድርቀቱ ከእርግዝናው ሆርሞንና ከአይረን ክኒኑ ሊሆን ይችላል። ክኒኑን በራስሽ አታቋርጪ፤ ለክትትል ስትሄጂ ንገሪያቸው። ውኃ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን አብዢ። እንጀራውም አሰር አለው፤ የእርሾው ባክቴሪያ ግን ምጣድ ላይ ይሞታል። እርጎው ከተፈላ ወተት የተሠራ ይሁን፤ ጥሬው ብሩሴላና ሊስቴሪያ የሚባሉ ጎጂ ባክቴሪያዎችን ሊይዝ ይችላል፤ ለፅንስ አደገኛ ናቸው። ሲወለድ ደግሞ በመጀመሪያው 24 ሰዓት ካካ ካላለ፣ በኋላም ነጭ ወይም ደም ያለበት ካለ፣ ካተኮሰው ወይ ጡት እምቢ ካለ ሳታሳድሪ ሐኪም ቤት ውሰጂው።